ከመቶ ሜትር ወዲህ

በእኛ የሙከራ ቡድን «ገባ» የሚለው ቃል የራሱ ትርጉም ነበረው። ሰሌዳ ተሸካሚያችን ከበረዶው ሜዳ ሲመለስ ከስክሪናችን ላይ ድንገት የሚጠፋበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ መሣሪያው ላይ የተቀመጠው ሰው «ገባ» ይላል፤ ሌላው ብድግ ብሎ ሻይ ይቀዳል። ብርጭቆው ሳይሞላ የመኪናችን በር ይከፈትና ሳቬሊች በረዶውን ከሱፍ ቡቱ ላይ እያራገፈ ይገባል። ዘጠኝ ክረምት እንዲህ ሆነ። ዘጠኝ ክረምት ሳያሳፍር የኖረን ነገር ሰው እንደ ሕግ ይይዘዋል፤ እኔም ያዝኩት።

መሣሪያው በጨለማና በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሚያይ ነው። ሌሎቹ የሌሊት መነጽሮች ከጨረቃና ከከዋክብት የተረፈችውን ብርሃን ለቃቅመው ነው የሚያዩት። የእኛው ግን ልመና አያውቅም፤ የራሱን ብርሃን ይዞ ይወጣል። የሰው ዓይን የማያየውን ጨረር ይተኩስና ወዲያው ዓይኑን ይጨፍናል። ጨረሩ ቅርብ ካለው በረዶ ነጥሮ ሲመለስ አያየውም፤ ቢያየው ኖሮ ስክሪኑ ሁሉ ወተት ይሆን ነበር። ከመቶ ሜትር ወዲያ ያለው ሲመለስ ብቻ ዓይኑን ይገልጣል። ስለዚህ ውሽንፍሩን ዘልሎ አራት መቶ ሜትር ላይ የቆመውን ሰው ያሳይሃል፤ አፍንጫው ሥር የቆመውን ግን አያውቀውም። ከመቶ ሜትር ወዲህ ያለውን «ዕውሩ ሜዳ» እንለው ነበር። ብልህ ዘዴ ነው። ከሠሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ኖሬአለሁ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ጥሩ ያያል መጥፎ ያያል የሚባለው በሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች አሉ፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ከዚያም የባሰ ቀጭን። ሳቬሊች ሰሌዳውን በጀርባው ተሸክሞ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሜትር ላይ ይተክለዋል። መስመሮቹን አንዴ ቋሚ አንዴ አግድም እያደረገ ያዞረዋል፤ እንዴት እንዳዞረው ለእኔ አይነግረኝም፣ በማስታወሻው ይጽፋል። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ያየሁትን እናገራለሁ። ማታ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። እኔን ለማሳሳት የማያደርገው ነገር አልነበረም፤ አምስት ጊዜ ቋሚ አድርጎ በስድስተኛውም ቋሚ ያደርገዋል።

«አሁን እንኳን ይቀይረዋል ብለሽ ነው አይደል አግድም ያልሽው?» ይለኛል እየሳቀ። «ልቮቭና፣ አንቺ የምታዪው በዓይንሽ ሳይሆን በጥርጣሬሽ ነው።»

ሙሉ ስሙ ፕሮኮፒይ ሳቬልዬቪች ነው። ያን ጊዜ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ነበር። የኦብን ወንዝ ገድበው ሐይቅ ሲያደርጉት የተወለደበት መንደር ውሃ ሥር ገባ፤ «የምትሞክሩት በእናቴ የድንች ማሳ ላይ ነው» እያለ ይቀልድብን ነበር። እኔን ስሜን ትቶ በአባቴ ስም ልቮቭና ይለኛል፤ በገጠራቸው እንዲህ የሚጠሩት የሚወዱትን ሰው ነው። አንቱ ስለው ይቆጣኝ ነበር። «አንቱ የሚባል ሰው ሰሌዳ አይሸከምም» አለኝ በመጀመሪያው ሳምንት፤ ከዚያ ወዲያ አንተ ሆነ።

በሐይቁ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው መንገዱን በትንንሽ ጥድ ያመለክታል። በረዶውን ይቦረቡርና ጥዷን ያቆማል፣ ውሃ ያፈስባታል፤ እስከ ሚያዝያ ማንም አይነቅላትም። ሳቬሊች ከመኪናችን በር ጀምሮ በየሃያ ሜትሩ አንድ አንድ ተክሎ እስከ ሰሌዳው ድረስ አሰልፏቸው ነበር። በኅዳር ወር የመጀመሪያዎቹ አራቱ አስቸገሩኝ። ቅርብ ስለሆኑ ጨረሩን ይከልላሉ፤ ጥላቸው ሩቁ ሥዕል ላይ ይወድቃል።

«ሳቬሊች፣ እነዚህን አራቱን ንቀልልኝ» አልኩት።

«ምን በደሉሽ?»

«ጥላቸው ሥዕሌን አበላሸው።»

«ጥላ የሌለው ጥድ ሰይጣን ብቻ ነው የሚተክለው» አለ። «በውሽንፍር ቀንስ በምን ልመጣ ነው? በሻዩ ሽታ?»

«የመቶ ሜትሯ ጥድ ጋ ስትደርስ በሬዲዮ በዚህ በኩል ና እልሃለሁ። ሹፌራችን ግሌብም የመኪናውን ጥሩምባ በየደቂቃው ይነፋልሃል። መቶ ሜትር እኮ ነው።»

«ሬዲዮሽ ከእኔ ይልቅ ብርድ ይፈራል።»

እንዲህ አለ እንጂ በማግስቱ ነቀላቸው። መንገዱ ከመቶ ሜትር ወዲያ የሚጀምር ሆነ፤ የእኔም ሥዕል ጠራ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በታኅሣሥ መሣሪያውን የሚያጸድቀው ኮሚሲዮን መጣ፤ አንድ ኮሎኔልና ሁለት የማይናገሩ ሰዎች። የቀረን አንድ ፈተና ብቻ ነበር፤ ሰው በባዶ ዓይኑ ከአርባ ሜትር በላይ በማያይበት የበረዶ ውሽንፍር ሰሌዳውን ከአራት መቶ ሜትር ማየት። ሰማዩ ግን አላገጠብን። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ መስታወት ጠራ። አለቃችን ኤድዋርድ ቲሞፌዬቪች በየጠዋቱ ወጥቶ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ ኮሎኔሉ ሆቴሉ ውስጥ ቢሊያርድ ይጫወታል። ሥራችን በዓመቱ መጨረሻ ካልጸደቀ ቡድኑ ይበተናል ተብሎ ነበር፤ አለቃዬ እንቅልፍ አጣ፤ እኔም እንደዚያው።

በሃያ አንደኛው ቀን ከምሳ በኋላ በረዶው መጣ። ሲመጣ ደግሞ ሦስቱን ሳምንት ሊክስ ነው የመጣው። ከበሩ ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፤ የጓንቴ ጫፍ እንኳን በጭጋግ ያየሁት ያህል ነበር። ሳቬሊች የበግ ለምዱን ቆልፎ ሬዲዮውን በብብቱ ወሸቀ።

«ይሄ ለአንቺ ነው ልቮቭና፣ ለእኔ አይደለም» አለኝ ወደ ሰማዩ እያየ። «ለእኔ ቢሆን ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ቶሎ ተመለስ። ሚስትህ ታይሲያ ጎመን ያለበት ዳቦ ልካለች፣ እስክትመጣ አልነካውም።»

«አንቺን ማን ያምናል» ብሎ ሄደ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ላይ አየነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጠራ ሥዕል አላየሁም። ውጭው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ሰው አራት መቶ ሜትር ላይ ቆሞ ሰሌዳ ያዞራል፤ በዙሪያው ጥቂት የበረዶ ነጠብጣብ ይበራል፣ ሌላ ምንም የለም። ቋሚ አልኩ፣ አግድም አልኩ፣ አግድም፣ ቋሚ። ከጀርባዬ ኮሎኔሉ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ሁሉም ተለካ።

«ሳቬሊች፣ አለቀ፤ ና» አልኩት በሬዲዮ።

«መጣሁ» አለ። «ይሄ ሬዲዮ ግን እያቃሰተ ነው፣ ከእኔ ጋ...» ብሎ ድምፁ ተቆረጠ። አልደነገጥኩም፤ ሬዲዮው በየብርዱ ይሞት ነበር። ጥድ ለጥድ ሲመጣ አየዋለሁ፤ ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃያ፣ መቶ ስልሳ።

ያኔ ኤድዋርድ ቲሞፌዬቪች ኮኛኩን አወጣ። «ኢንጋ ልቮቭና፣ ብርጭቆዎቹ የት ናቸው?» አለኝ። አራት ወንድ ባለበት ክፍል መሐንዲስም ብትሆኚ መቅዳት የአንቺ ነው። ተነሣሁ። ብርጭቆዎቹ ከመሣሪያ ሣጥን ሥር ነበሩ፤ አቧራቸውን ጠረግሁ፣ ቀዳሁ። ኮሎኔሉ ስለ ጨረሩ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ለእናት አገር ጠጡ፣ ለመሣሪያው ጠጡ። ኮሎኔሉ በኪሱ እስክሪብቶ ሲፈልግ ወደ ስክሪኑ ዞር አልኩ። የመቶ ሜትሯ ጥድ ብቻዋን ቆማለች።

«ገባ» አልኩ።

ሻይ ቀዳሁለት። ስኳሩን እሱ እንደሚወደው ሦስት አደረግሁ። ኮሎኔሉ መፈረም ጀመረ፤ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ እያንዳንዱን ገጽ ያነባል፣ እያንዳንዱን ገጽ እናብራራለታለን። በሩ ሳይከፈት መቆየቱ አልታየኝም። ግሌብ ጋ ሹፌር ክፍል ገብቶ ሲጋራ እያጨሰ ይሆናል አልኩ በሐሳቤ፤ እንዲያውም ያን ያህል እንኳን አላሰብኩም።

በሩን የከፈተው ግሌብ ነው። እስከ ወገቡ በረዶ ሆኗል። የኮሎኔሉ መኪና መንገድ ዳር ተቀርቅራ ሹፌሩ ሊያስወጣት አልቻለም፣ አለቃዬም ግሌብን እንዲያግዘው ልኮት ኖሯል።

«ሳቬሊችስ?» አልኩት።

«እናንተ ጋ አይደለም እንዴ?»

«ጥሩምባውንስ ማን ነፋ?»

ሰዓቱን አየሁ። ገባ ካልኩ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆኖኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር እችላለሁ፤ ሥራዬ መመዝገብ ነው። ግሌብ ሮጦ ጥሩምባውን ያዘ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ነፋሱ ከግራ በኩል እየመጣ ድምፁን ጠርጎ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። የመኪናውን መብራት አበራን፤ ሃያ እርምጃ እንኳን አልሄደልንም።

«መንገድ ስቶ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ይሆናል» አለ ኤድዋርድ ቲሞፌዬቪች። «በመሣሪያው ፈልጉት። መሣሪያው ምን ሊያደርግልን ነው ታዲያ?»

ፈለግሁት። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ከመቶ ሜትር ወዲያ ያለውን ሐይቅ ሁሉ አየሁት፤ ጥዶቹ አሉ፣ ሰሌዳው አለ፣ ከበረዶው የወጣ የጀልባ መልሕቅ ሳይቀር አለ። ሰው የለም።

«እንዴት ነው የሚያሳየው እባካችሁ» አለ ኮሎኔሉ በለሆሳስ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደንቆት ነው። እኔ ግን በእጄ የነበረውን ብወረውርበት ደስ ባለኝ።

የመሣሪያውን ዓይን ወደ ዘጠና ሜትር አወረድሁት፤ ስክሪኑ ነጣ። ሰማንያ፤ ወተት ሆነ። ወተቱ ውስጥ እንዳለ አወቅሁ። ሌላ የሚሆንበት ቦታ አልነበረም። የትም ያላጣሁትን ሰው ያጣሁት እኔ ራሴ ባጸዳሁት መቶ ሜትር ውስጥ ነው።

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ የነበረው ገመድ አርባ ሜትር ነው። አንዱን ጫፍ ከመኪናው አሰርን፣ እኔ፣ ግሌብና የኮሎኔሉ ሹፌር ሌላውን ይዘን መኪናውን ዞርን፤ እየጮኽን። ገመዱ ሲያልቅ እንቆማለን። ግሌብ ልለቀው አለ፤ ኤድዋርድ ቲሞፌዬቪች ከበሩ ላይ ሆኖ ሁለተኛ ሬሳ አልፈልግም አለው። ሁለተኛ ሲል ሁላችንም ሰማነው፤ እሱም ራሱ ሰማው። ዙሪያውን ስድስት ጊዜ ሄድን። የነፍስ አድን ሰዎቹ በሰንሰለት ጎማ መኪና ሲመጡ ጨለማ ነበር፤ እነሱም መቶ እርምጃ ሄደው ራሳቸው ጠፉና በጭንቅ ተመለሱ። ውሽንፍሩ ካላለፈ አይቻልም አሉን። ተቀምጠን ጠበቅን። ጥሩምባው ባትሪ ጨርሶ ዝም ሲል ግሌብ አለቀሰ።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ ሰማዩ ጠራ፤ ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ። በሩን ስንከፍት ከዚያው ታየን። በግራ በኩል በረዶው ተሰንጥቆ ጉብ ባለበት ቦታ ነፋሱን ተከልሎ ተቀምጧል። ርቀት መለካት ልማዴ ነው፤ ለካሁት። ስልሳ ሦስት ሜትር። ገመዳችን ሃያ ሦስት ሜትር አንሶታል።

ለምዱ ተከፍቶ ነበር። ለምን እንደከፈተው ሲያነሱት ነው የገባን። የሬዲዮውን ባትሪ አውጥቶ ከሸሚዙ ሥር፣ ከገላው ጋር አጣብቆ ይዞታል። ሊያሞቀው። ሞቆ ቢነሣለት ሊጠራኝ። ሐኪሙ ምናልባት ሦስት ሰዓት ያህል በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም አለ፤ ባይለን ምን ነበረበት።

መርማሪዎቹ መጡ። ስለ ጥዶቹ ተናገርኩ። ኤድዋርድ ቲሞፌዬቪች ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ኢንጋ ልቮቭና፣ ጥዶቹን ማን ነቀላቸው?» አለኝ። «ያስነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «የተጻፈ ትእዛዝ አለ? የለም። የነቀላቸው ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ። አሁን እርስዎ የሚፈልጉት መርማሪዎቹ ቡድኑን ሁሉ ይዘው እንዲሄዱ ነው?» ሠራተኛው ምልክት ካለበት መንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ ተብሎ ተጻፈ። በመጨረሻዋ ጥድ በኩል ሲያልፍ ምን ይመስል ነበር ብለው ሲጠይቁኝ፣ ደህና ነበር፣ ቀጥ ብሎ ሄደ አልኩ። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። መሣሪያው እጅግ በጣም ጥሩ የሚል ውጤት አግኝቶ ጸደቀ።

አርባው በወጣ ማግስት ሚስቱ ታይሲያ መጣች። በረኛው አላስገባም ሲላት ብርዱ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጥቁር የሱፍ ሻሽ አስራለች፤ ፊቷ ደርቋል።

«ያን ቀን ካሴት ላይ ቀድታችሁት ነበር ይላሉ» አለችኝ። «ጨረሩ ሲያየው።»

«አለ። ግን ምስጢር ነው ታይሲያ፣ አይፈቀድም።»

«የእኔ ባል ምስጢር ነው?»

በመጋዘኑ በር አስገባኋት። ካሴቱን ከመደርደሪያው አወጣሁ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁት ሰሌዳውን የለካሁበትን ክፍል ብቻ ነው፤ ለሪፖርቱ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አይቼው አላውቅም። አላስፈለገም እል ነበር፤ ፈርቼ ነው።

በጨረሩ የሰው ፊት ይነጣል፣ ዓይኑ ይጠቁራል። ይህን አስቀድሜ ነገርኳት እንዳትደነግጥ። እሷ ግን ፊቱን አላየችም። «እሱ ነው፣ ግራ እግሩን ይጎትታል» አለች። ጥድ ለጥድ ሲመጣ አብረን አየን። መቶ ስልሳ። መቶ አርባ። መቶ ሃያ። የመቶ ሜትሯ ጥድ ጋ ደረሰ።

ቆመ።

ቀጥ ብሎ ያለፈ መስሎኝ ነበር። አላለፈም፤ ቆመ። ሬዲዮውን አወጣ፣ መታው፣ ጆሮው ላይ አደረገ፣ መልሶ ወሸቀው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። አወረደው። ግራውን ዘረጋ። ጠበቀ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ምን እያለ ነው?» አለች ታይሲያ።

«በየት በኩል ልምጣ እያለ ነው።»

«ማንን ነው የሚጠይቀው?»

«እኔን።»

«ትታየዋለሽ እንዴ?»

«አልታየውም። ግን እንደማየው ያውቃል።»

አራት ደቂቃ ቆመ። እጁን ስንት ጊዜ እንደዘረጋ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ሁለቱንም እጁን አወረደ፣ የቆቡን ጆሮ አስተካከለና ትንሽ ወደ ስክሪኑ ግራ አድልቶ ተራመደ። በሦስተኛው እርምጃ ጠፋ።

ታይሲያ ባዶዋን ጥድ እያየች፣ «በዚያች አራት ደቂቃ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ወረቀት፣ ኮሚሲዮን፣ አለቃ። ስለ ጥዶቹ መናገርም እችል ነበር፤ እሱ እንኳን ከዚህ ይቀል ነበር።

«ለኮሎኔሉ ኮኛክ እየቀዳሁ ነበር» አልኳት።

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«መልሺው» አለችኝ። «ከቆመበት ጀምሪው። ሊሄድ ሲል አቁሚው።»

መለስኩት።